አልዞር ያለ የመኪና ቁልፍ፦ ማጽዳት ወይስ መቀየር?

የድሮ ስፖርት መኪና ቁልፍ አልዞር ሲል ብዙ ሰው በጉልበት ይታገለዋል። እባካችሁ ተዉት፤ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ጣጣው ብዙ ነው። መጀመሪያ መሪውን ግራና ቀኝ እየወዘወዛችሁ ሞክሩ። የመሪው መቆለፊያ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ማጽዳት ቀላል ነው። ቁልፍ ማስገቢያው ውስጥ ትንሽ የግራፋይት ዱቄት ነፋ ታደርጉና ቁልፉን ደጋግማችሁ ታስገባላችሁ፣ ታወጣላችሁ። ዘይት ግን አልመክርም፤ ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ቆይቶ አቧራ ሰብስቦ ይጋገራል።

መቀየር የሚመጣው ችግሩ ከኋላ ሲሆን ነው። እንደ ፖርሸ 944 ባሉ መኪኖች ቁልፉ ሲዞር ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ስዊች ከቁልፍ ቤቱ ጀርባ ለብቻው ነው የታሰረው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ስዊቹን ፍቱ፣ ከዚያ ቁልፉን ብቻውን አዙሩት። ላላ ብሎ ከዞረ ጥፋቱ የስዊቹ ነው። ቁልፍ ቤቱን መንካት አያስፈልግም፣ የድሮውም ቁልፍ ይሠራል።

እኔ ሁልጊዜ ከማጽዳት እጀምራለሁ። ሞተሩ ተነስቶ ቁልፉ በራሱ አልመለስ ካለ ግን ለነገ አላሳድረውም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ መዞሩን ይቀጥልና ሊቃጠል ይችላል። ወዲያው ፈትሼ፣ ስዊቹ ከሆነ በአዲስ እተካዋለሁ።