ላይን ሌቭል፦ ለእርከን ቅየሳ ምን ያህል ያስተማምናል?

እንደ ዋግ ኽምራ ባሉ ደረቅና ተራራማ አካባቢዎች የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር ከዶማና ከድጅኖ በፊት ላይን ሌቭል ይወጣል። ግንበኞች ሲባጎ ላይ የሚያንጠለጥሉት፣ ከመሀል ጣት ብዙም የማይረዝመው ውሃ ልክ ማለት ነው። ርካሽ ስለሆነ የሚንቀው ባለሙያ አይጠፋም። እኛ ግን በዋጋው የሚወዳደረው የቅየሳ ዕቃ አላገኘንለትም። የሚያሳስተው አረፋው ሳይሆን ሲባጎው ነው፤ ከሲባጎው የሚተርፈውን ደግሞ የሲባጎውን ቋሚ የሚይዘው ሰው ያበላሸዋል።

ዝናብ በሚያጥርበት አገር እርከኑ ውሃውን እዚያው እንዲያስቀር ነው የሚፈለገው፤ ስለዚህ ያለ ምንም ተዳፋት ይቀየሳል። መስመሩ ትንሽ ካዘነበለ የሐምሌ ጎርፍ ዝቅ ወዳለው ጫፍ ተሰብስቦ ይጥሰዋል፤ ከላይ ያለው ሲጣስ ከታች ያሉትን ይዞ ይወርዳል። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ ለ1 ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይይዛል። ይህን ያህል ጉልበት የሚፈስበትን መስመር የሚወስነው ይህች ዕቃ ናት።

ሙሉ ዕቃው ላይን ሌቭሉ፣ 10 ሜትር ሲባጎና እኩል የሆኑ ሁለት የ2 ሜትር ቋሚዎች ነው። ሁለቱም ቋሚዎች ከእግራቸው 1.5 ሜትር ላይ ይሰነጠቃሉ፣ ሲባጎው እዚያ ይታሰራል። ሁለት ሰው ቋሚ ይይዛል፣ ሦስተኛው መሀል ላይ አረፋውን ያነባል፣ አረፋው መሀል ሲገባ አራተኛው ችካል ይተክላል።

አሁን ወደ ሲባጎው። የቱንም ያህል ቢወጠር መሀሉ ይረግባል፤ የረገበ ሲባጎ አግድም የሚሆነው ደግሞ እኩሌታው ላይ ብቻ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር በረገበ ሲባጎ ላይ ላይን ሌቭሉ ከመሀል ግማሽ ሜትር ቢንሸራተት በአንድ ውጥር (ሲባጎው አንዴ በሚወጠርበት 10 ሜትር) ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል። በ100 ሜትር መስመር ላይ 10 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው፤ እርከን ለመስበር በቂ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሲባጎውን ለሁለት አጥፎ መሀሉን ማግኘት፣ ከዚያ በመንጠቆዎቹ ስፋት ልክ ግራና ቀኝ በቀይ ክር ቋጠሮ ማድረግ። ላይን ሌቭሉ ከቋጠሮዎቹ መሀል አይወጣም።

ብዙ ቡድን የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። በተለመደው አሠራር የኋላው ሰው የፊተኛው ችካል ላይ ይቆማል፣ የፊተኛው ወደፊት ይቀጥላል። እንዲህ ሲሆን የዕቃው ጉድለት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ ይደማመራል። የኋላው ሰው የፊተኛውን አልፎ ቢሄድ ግን ሲባጎው በየውጥሩ ስለሚገለበጥ አንዱ ስህተት ሌላውን ያጠፋዋል፤ ቋሚዎቹ በትንሹ ቢበላለጡ እንኳ ይካካሳል። ዝናብ በዛ ባለበት አካባቢ ግን ይህ አይሠራም። እዚያ እርከኑ ወደ ማፋሰሻው 0.5 በመቶ እንዲያዘነብል በማፋሰሻው በኩል ያለው ቋሚ ላይ ሲባጎው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ያ ቋሚ ቦታ ከለወጠ ውሃው ወደ ኋላ ይዞራል።

ያዡ ላይ ቁጥጥር ያስፈልጋል። ቋሚውን ጓል አናት ላይ ወይም ፈር ውስጥ ማቆም ብቻውን ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ያሳስታል። ሲባጎውን ለመወጠር ሲባል ቋሚው እስሩ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ካጋደለ 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሥራው በሚጦፍበት ወቅት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከተነሣ ደግሞ አረፋው አይረጋም፤ ቅየሳውን ጠዋት መጨረስ ነው የሚያዋጣው።

ተዳፋት ለመለካትም ያገለግላል፦ በ10 ሜትር ላይ የ1 ሜትር ልዩነት 10 በመቶ ነው። ቁልቁለቱ ከ15 በመቶ ሲያልፍ ግን 1.5 ሜትር ላይ ያለው እስር አይበቃም፤ ሲባጎው ለሁለት ይታጠፋል፣ ንባቡም በ2 ይባዛል።

ከተፎካካሪዎቹ ኤ-ፍሬም (በ“A” ፊደል ቅርጽ የተገጠመ ባለ ሁለት እግር እንጨት) ለብቻው ለሚሠራ ገበሬ ጥሩ ነው፤ እግሮቹ 2 ሜትር ከተራራቁ ግን ለ100 ሜትር 50 ጊዜ መገላበጥ ይጠይቃል። የጎማ ውሃ ልክ (ውሃ የተሞላ ቱቦ) ቁጥቋጦ ውስጥ ሲባጎ በማያልፍበት ሁሉ ያልፋል፣ ነፋስም አይነካውም። ውስጡ አየር ከገባ ወይም ግማሹ ጥላ ግማሹ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ይዋሻል። የተሰበረ መሬት ላይ እኛም እሱን እንመርጣለን።

ሲገዙ ቀላሉን ፕላስቲክ ይምረጡ፤ ብረቱ ይበረታል፣ ግን ክብደቱ ሲባጎውን ያረግባል። የፕላስቲኩ ድክመት መንጠቆው ነው፤ ኪስ ውስጥ ሲከርም ይጣመማል፣ ስለዚህ ሁለት ይያዙ። መደብሩ ውስጥ ሲባጎ ወጥረው ያንጠልጥሉትና አረፋው ወዴት እንደሄደ ይዩ። ከዚያ ግራ ቀኙን አዙረው እዚያው ቦታ ላይ ይመልሱት። አረፋው አሁንም ወደ ያው አቅጣጫ፣ በዚያው መጠን ካልሄደ ሌላ ያስወጡ።