ሦስት ስታቢላይዘር ሞክሬ አንድ የሰርግ ካሴት ቀጥ አደረግኩ

ቤት ውስጥ የተቆለሉ የቪዲዮ ካሴቶች አሉን። ሰርግ አለ፣ ልደት አለ፣ አባቴ ካሜራውን ማጥፋት ረስቶ ሃያ ደቂቃ ሙሉ የራሱን ጫማ የቀረጸበትም አለ። ወደ ዲቪዲ ልገልብጣቸው ስነሳ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ዴኩን ከዲቪዲ መቅጃው ጋር በገመድ አገናኝቶ አንዱን ማጫወት፣ ሌላውን ማስቀዳት፣ አለቀ። ምን ያልቃል! በአሮጌው ቲቪ ደህና ሆኖ ይታይ የነበረው የሰርግ ካሴት ዲስኩ ላይ ሲገባ ከላይ በኩል ተጣሞ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፣ የበሩ መቃን ይንቀጠቀጣል፣ ይባስ ብሎ መቅጃው መሃል ላይ ቆሞ «መቅዳት የተከለከለ ነው» አለኝ። የራሳችንን ሰርግ!

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ስታቢላይዘር ግዛ» አለኝ። ጣጣው የጀመረውም እዚህ ጋ ነው። ስታቢላይዘር ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ለፍሪጅ የሚገዛው የመብራት ማመጣጠኛ ነው፤ ቪዲዮ ላይ ስትመጡ ደግሞ ይሄው ስም ለማይገናኙ ዕቃዎች ተሰጥቷል። አንዱ የካሜራ ያዡን እጅ መንቀጥቀጥ የሚያስተካክለው ነው። እሱ ከካሴት ጋር ጉዳይ የለውም፣ ከፈለጋችሁ ቅጂው ካለቀ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩት ነገር ነው። ሁለተኛው ትንሽ ሳጥን ናት። ሦስተኛው ታይም ቤዝ ኮሬክተር፣ ባጭሩ ቲቢሲ የሚባለው ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሳጥኗን ገዛሁ።

ሳጥኗ ቆንጆ ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ ላይዋ ላይ በትልቁ «ቪዲዮ ስታቢላይዘር» ተጽፏል። የምትሠራው ግን ሌላ ሥራ ነው። ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፊልም ካሴቶች ላይ ማክሮቪዥን የሚባል የቅጂ መከላከያ ይደረግ ነበር። ዓይናችን በማያያቸው፣ ከምስሉ በላይ ባሉት መስመሮች ውስጥ የውሸት ምት ይጨመራል፤ ሌላ ዴክ ሊቀዳው ሲሞክር የብርሃን መጠኑን በራሱ የሚያስተካክለው ክፍል ይወናበድና ምስሉ እየጨለመ እየበራ ያስቸግራል። ሳጥኗ እነዚያን መስመሮች ጠርጋ ታወጣለች። በቃ። ምስሉ «የተረጋጋ» የሚመስለው ያ መጨለምና መብራት ስለሚቆም ነው እንጂ የተጣመመ ነገር አታቀናም። (የተሸጠ ፊልም ለመገልበጥ ከሆነ የምትፈልጓት፣ ሕጉን መጀመሪያ ተመልከቱ።)

እውነቱን ለመናገር አንድ ጥቅም ሰጥታኛለች። ያረጀ ካሴት ሲግናሉ ሲዛባ ዲጂታል መቅጃው የቅጂ መከላከያ መስሎት ይቆማል፣ ሰርጋችን የተከለከለውም በዚህ ምክንያት ነበር፤ ሳጥኗን መሃል ላይ ስሰካ መቅጃው መቆሙን ተወ። ባንዲራው ግን እንደተውለበለበ ቀረ። በዚያ ላይ ምስሉ ትንሽ የደበዘዘ መሰለኝ።

ለምን እንደሚውለበለብ ሲገባኝ ነው ነገሩ የተፈታልኝ። ካሴት ሜካኒካል ነገር ነው። ፓል በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት በሚሠራ ዴክ ውስጥ፣ ካሴቱን የሚያነበው ሄድ የተገጠመበት ከበሮ በሰከንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል፣ የካሴቱ ፊልም በጎን እየተጎተተ ያልፋል፣ እያንዳንዷ የምስል መስመር ልክ በ64 ማይክሮ ሰከንድ ማለቅ አለባት። የተለጠጠ ፊልም ወይም የደከመ ዴክ ሲሆን አንዷ መስመር ቀድማ፣ አንዷ ዘግይታ ትደርሳለች። የድሮ ቲቪ ታጋሽ ነው፣ እየተከተለ ያስተካክላታል። ዲጂታል መቅጃ ግን ትዕግሥት የለውም፤ በሰዓቷ ያልደረሰችውን መስመር ባለችበት ቦታ ያትማታል፣ ሲብስበት ደግሞ ሙሉ ፍሬም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ምስል፣ ይጥላል። ፍሬም በተጣለ ቁጥር ድምፁ ከከንፈር ጋር እየተላለፈ ይሄዳል። ቲቢሲ እንግዲህ መስመሮቹን ለቅጽበት በማስታወሻው ይዞ በትክክለኛው ሰዓት የሚለቅ ነው።

ሁለተኛው ሙከራዬ ብዙ ሰው የሚመክረው ዘዴ ነበር፣ የድሮ የፓናሶኒክ ዲቪዲ መቅጃ ዲኤምአር-ኢኤስ10 ወይም ኢኤስ15 ፈልጎ እንደ ማሳለፊያ መጠቀም። ዲስክ አታስገቡበትም። ከዴኩ የሚመጣው ሲግናል በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ወጥቶ ወደ ዋናው መቅጃ ይሄዳል። እኔ ያገኘሁት ኢኤስ15 ነው። ሰክቼ የሰርጉን ካሴት ሳጫውት ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ ሲውለበለብ የነበረ የምስሉ አናት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ የበሩም መቃን በር ሆነ። ለዚህ ችግር ከዚህ የሚሻል ነገር በእጄ አልገባም።

እንከን አለው። ምስሉን «ለማጽዳት» ብሎ የሚያለሰልሰው ነገር ሲበዛ ፊት ሁሉ ሰም የተቀባ ይመስላል። ኢኤስ15 ላይ ከሜኑው ገብታችሁ ታጠፉታላችሁ፣ ኢኤስ10 ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ምርጫ ካላችሁ 15ቱን ውሰዱ። ሌላው፣ የቅጂ መከላከያ የመሰለውን ነገር እሱም ያከብራል፣ ስለዚህ ያ የውሸት ክልከላ ተመልሶ መጣብኝ።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፣ ዳታቪዲዮ ቲቢሲ-1000፣ ከጓደኛ ተውሼ። ይሄ መስመር ሳይሆን ሙሉ ፍሬም ይዞ በራሱ ሰዓት አዲስ አድርጎ ያወጣዋል። የውሸት ክልከላው ጠፋ፣ ፍሬም መጣል ቀረ፣ የሁለት ሰዓት ካሴት መጨረሻ ላይ እንኳ ድምፁ ከከንፈር ጋር ነበር። ግን ብቻውን ሳደርገው አናቱ መልሶ ተጣመመ! ውዱ ዕቃ ሁሉንም ይፈታል ብላችሁ ከሆነ እንደኔ ትደነግጣላችሁ። እንደዚህኛው ያለ የፍሬም ቲቢሲ እና እንደ ኢኤስ15 መስመር በመስመር የሚያቀና የመስመር ቲቢሲ ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች ናቸው። በመጨረሻ ያደረግኩት ዴክ፣ ከዚያ ኢኤስ15፣ ከዚያ ቲቢሲ-1000፣ ከዚያ መቅጃ ነው። ገመዱ የሸረሪት ድር ሆነ፣ ግን ሠራ።

የመስመር ቲቢሲ በውስጣቸው ያላቸው ኤስ-ቪኤችኤስ (ከተራው ቪኤችኤስ የተሻለ ጥራት ያለው) ዴኮችም አሉ። የጄቪሲዎቹ ላይ «ዲጂፒዩር» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። የፓናሶኒክ ኤጂ-1980ም ስሙ የታወቀ ነው፣ ግን የሚሠራው በኤንቲኤስሲ፣ በአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት፣ ብቻ ነው፣ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮችም በዕድሜ ስለሚበላሹ ያልታደሰ አትግዙ። ካሴታችሁ ፓል ከሆነ ሁሉም ዕቃ ፓል መሆኑን አረጋግጡ፤ 625 መስመር ያለውን ፓል 525 ለሚጠብቅ የኤንቲኤስሲ ማሽን ሰጥቶ መልካም ምስል አይገኝም። ደግሞ አዲስ ዕቃ አትፈልጉ፤ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች ፉናይ በፈረንጆቹ 2016 ማምረት አቁሟል፣ ያለው ሁሉ አሮጌ ነው። ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ማሳለፊያ ከሌላ ዕቃ የተወሰደ የመብራት አስማሚ ይዞ መጣ፣ ሳልሰካው ቮልቱን ማንበቤ በጀኝ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ካሴቱን በሌላ ዴክ ሞክሩት። አንዳንዱ «የተበላሸ» ካሴት የቆሸሸ ሄድ ችግር ብቻ ነው። አንዴ እስከ ጫፍ አጠንጥናችሁ መልሱት። ዴኩ ኤስ-ቪዲዮ መውጫ ካለው በቢጫው ገመድ ፋንታ እሱን ተጠቀሙ፤ ቀለሙና ብርሃኑ ተለያይተው ስለሚሄዱ ጠርዞቹ ይጠራሉ። ከምስሉ ግርጌ የሚታየውን ቀጭን የተረበሸ መስመር ደግሞ ተዉት፤ ሄዶቹ ሲቀያየሩ የሚፈጠር ነው፣ ድሮም ነበር፣ ቲቪው ጠርዙን ስለሚደብቀው ነው ያላየነው። 4.7 ጊጋባይት ዲስክ ላይም ከሁለት ሰዓት በላይ አትጨቁኑ፣ ያስተካከላችሁት ምስል መልሶ ይፈራርሳል።

አሁን ልግዛ የሚለኝ ሰው ካለ፣ ችግሩ መጣመም ከሆነ ኢኤስ15፣ ችግሩ ክልከላና የድምፅ መላለፍ ከሆነ የፍሬም ቲቢሲ እለዋለሁ። ሳጥኗን አልመክርም፣ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነች፣ የፈለገ ይውሰዳት። እነሆ ሰርጉ ተገልብጧል፣ ልደቶቹም። ትናንት ደግሞ የአባቴ ጫማ ተራ ደረሰ፤ ሃያውን ደቂቃ ሙሉ አንዲት መስመር ሳትጣመም ቁጭ ብሎ አየው፣ «ይሄ ጫማ የት ደረሰ?» ብሎም ጠየቀኝ።