በሞሮኮ በረሃ፣ ተራራና ጥንታዊ ገበያዎች በአስጎብኚ መጓዝ

ብዙ የጉዞ ወኪሎች በጥቂት ልዩነት የሚሸጡት አንድ የታወቀ የሞሮኮ ዙር አለ፤ ከካዛብላንካ ይነሣና በፌዝ በኩል ወደ ሰሃራ ዳርቻ ይወርዳል፣ ከዚያም ከፍተኛውን የአትላስ ተራራ ተሻግሮ ማራካሽ ይገባል፣ በመጨረሻም የአትላንቲክን የወደብ ከተሞች ይዞ ወደ መነሻው ይመለሳል። እኔና ታላቅ እህቴ ከምንኖርበት ከጀርመን ሄደን ይህን ዙር የተጓዝነው በዐቢይ ጾም ሲሆን፣ ጾሙ በዚያ ዓመት ከረመዳን ጋር ስለገጠመ የአገሩም ሰው ይጾም ነበር። የወሰደንን ድርጅት በስም አልጠራም፤ የምጽፈው እንዲህ ያለውን ጉዞ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚቀርበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። ፍርዴን ከመነሻው ልናገር፦ ጉዞው ለሚከፈልበት ገንዘብ የሚገባ ነው። ዋጋውን የሚያወጣው ግን ከሆቴሉም ከመኪናውም ይልቅ አስጎብኚው ነው፤ የአስጎብኚው ሰዓት ለሱቆች በተሸነሸነ ቁጥር ተጓዡ የከፈለበትን ዋናውን ነገር ያጣል።

ካዛብላንካ ከአንድ ጠዋት በላይ አይጠይቅም። አብዛኞቹ የሞሮኮ መስጊዶች ሙስሊም ላልሆነ ሰው ዝግ ስለሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመረቀው የዳግማዊ ሐሰን መስጊድ በአስጎብኚ መታየቱ ትልቅ ዕድል ነው። ከፊሉ በባሕሩ ላይ የተሠራው ይህ መስጊድ ሚናራው ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ አዳራሹ 25,000 ሰጋጆችን ይይዛል፣ ጣሪያውም ሲፈለግ ይከፈታል። በረመዳን የጉብኝቱ ሰዓት ስለሚያጥር፣ ድርጅቱ ሰዓቱን አስቀድሞ አጣርቶ ሳያሯሩጠን ማስገባቱ የሚመሰገን ነው።

የጉዞው እምብርት ፌዝ ናት። ሐረር ጀጎልን የሚያውቅ ሰው በፌዝ አሮጌ ከተማ ጠባብ መንገዶች ሲገባ ብዙ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ግንቡ፣ በየበሩ የሚከፋፈለው ገበያ፣ ከውጭ ጭር ያለ ከውስጥ ግን ግቢው በጌጥ የተሞላው ቤት ሁሉ የሚታወቅ ይመስላል። ስፋቱ ግን ሌላ ነው። መኪና የማይገባበት ይህ ከተማ ዕቃውን ዛሬም የሚያመላልሰው በአህያና በበቅሎ በመሆኑ፣ ከኋላ የነጂ ጩኸት ሲሰማ ግድግዳ ተጠግቶ ማሳለፍ ግድ ነው። በልማዳዊው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ859 ፋጢማ አል ፊህሪ የተባለች ሴት ያስገነባችው የቀረዊዪን መስጊድና ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው እዚሁ ነው። እኛ ያየነው ከደጃፉ ቆመን ነው፤ ቢሆንም የከተማው አስጎብኚ አንዲት ሴት ከነጋዴ ቤተሰቧ ከወረሰችው ሀብት ተነሥታ እንዲህ ያለ ቦታ መመሥረቷን ሲያስረዳን፣ ከደጃፍ የታየው ብቻውን በቂ ሆኖልናል።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። ሙሉውን ዙር አብሮ የሚጓዘው ሰውና በየከተማው የሚቀበለው አስጎብኚ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሕጋዊው አስጎብኚ ከቱሪዝም ሚኒስቴር የተሰጠውን የፈቃድ ካርድ ይይዛል። የፌዙ አስጎብኚያችን በዚያው አሮጌ ከተማ ተወልዶ ያደገ ስለነበር፣ ዳቦ የሚጋገርበትን የሰፈር ምድጃ፣ የመዳብ ቀጥቃጮችን አደባባይና እ.ኤ.አ. በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የቡ ኢናኒያ መድረሳ ያሳየን ሰው ሰፈሩን እንደሚያስጎበኝ ሆኖ ነው።

በሹዋራ የቆዳ ማልፊያ ያሳለፍነውን ጊዜ ለብቻው ላንሣው። ከላይ ካለው ሰገነት ላይ ከመውጣታችን በፊት ለእያንዳንዳችን አንድ እፍኝ ናና ተሰጠን፤ ሽታው ሲበረታ አፍንጫ ላይ የሚያዝ ነው። ከታች በድንጋይና በሸክላ የተሠሩ ጉድጓዶች ተደርድረዋል። በነጮቹ ውስጥ ጥሬው ቆዳ በኖራና በርግብ ኩስ ተዘፍዝፎ ፀጉሩ ይለቅና ይለሰልሳል፤ ከዚያ ወደ ቀለም ጉድጓዶቹ ይዛወራል። ሠራተኞቹ እስከ ጭናቸው ገብተው ቆዳውን በእግራቸው ይረግጡ ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ አንድ ቆዳ አውጥቶ በሁለት እጁ ወጠረና ወደ ብርሃኑ አነሣው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ አልወደደውም መሰለኝ መልሶ ነከረው። ጾመኛ ሆኖ በፀሐይ ይህን ሥራ መሥራት ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ አስጎብኚው ሲነግረን፣ ቀደም ሲል የቆዳ ጫማው ዋጋ ተወዶብናል ያልን ሁሉ ዝም አልን።

ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚሁ ከፌዝ ነው። ከማልፊያው ስንወጣ ወደ አንድ ምንጣፍ ቤት ተወሰድን፤ ሻይ ቀረበ፣ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ተዘረጋ፣ ሳንገዛ ለመውጣት ስንነሣም ፊቶች ተለዋወጡ። ይህ በሚቀጥሉት ከተሞች በሽቱ፣ በብርና በቅመም ቤቶች ተደጋገመ። አስጎብኚም ሾፌርም ከሱቁ ኮሚሽን የሚያገኙበት አሠራር እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ደመወዛቸው አነስተኛ በመሆኑ ግለሰቦቹን ለመውቀስ አልደፍርም። ድርጅቱ ግን ይህን ሰዓት በመርሐ ግብሩ ላይ «የእጅ ሥራ ጉብኝት» ብሎ ማስፈሩ ተገቢ አይደለም። የእጅ ሥራ ማየት የሚፈልግ ሰው ሸማኔውን ከሽመና ዕቃው ጋር ማየት ይሻል፤ የተዘጋጀ ዕቃ የሚሸጥበትን አዳራሽ ጉብኝት ሊለው አይችልም።

ከፌዝ ወደ ደቡብ ሲወጣ መንገዱ በኢፍራን ያልፋል። በፈረንሳዮች ዘመን የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ጣሪያዋ ለበረዶ የተበጀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ከዜሮ በታች 23.9 ዲግሪ የደረሰ ብርድ ተመዝግቦባታል። ለእኛ የተለየች ያደረጋት ሌላ ነገር ነው፤ የሞሮኮ ሯጮች የሚለማመዱት እዚህ ነው። ሾፌራችን ከኢትዮጵያ መሆናችንን ከሰማባት ሰዓት ጀምሮ ይህችን ከተማ ይጠብቅ ነበርና፣ እንደደረስን እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ሂሻም ኤል ገሩዥ በ5,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለን ለጥቂት ቀድሞ ወርቁን የወሰደበትን ውድድር ከነመጨረሻው ዙር ተረከልን። እህቴ በትዕግሥት አዳምጣ ከጨረሰች በኋላ፣ «ወንድሜ፣ በዚያው በአቴንስ የ10,000 ሜትሩ ወርቅ የቀነኒሳ መሆኑን አትርሳ» አለችው። ከዚያ በኋላ እስከ ጉዞው መጨረሻ የሁለቱ ወዳጅነት አልተቋረጠም። በአዝሩ የዝግባ ደን ጭራ የሌላቸው ጦጣዎች አሉ፤ ጎብኚዎች ምግብ እየወረወሩ ስላላመዷቸው ጠባያቸው ተበላሽቷል፣ እዚያ መቆሙም ብዙ አይጠቅምም።

የዚዝን ሸለቆ የተምር ዛፎች ተከትለን ወደ ሪሳኒ ስንወርድ፣ ጉዞው ለምን በዚህ ቅደም ተከተል እንደተሠራ ግልጽ እየሆነ መጣ። ከሪሳኒ አጠገብ ፍርስራሿ የሚታየው ሲጂልማሳ በመካከለኛው ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣው ወርቅ ሰሃራን ተሻግሮ የሚያርፍባት ከተማ ነበረች፤ ታዋቂው ተጓዥ ኢብን ባቱታም እ.ኤ.አ. በ1352 ከቅፍለቱ ጋር ወደ ማሊ የተነሣው ከዚህ ነው። በረሃው፣ የተራራው በር፣ የፌዝና የማራካሽ ገበያ፣ በባሕሩ ዳር ያለው ወደብ ሁሉ የአንድ የንግድ መስመር ክፍሎች ናቸው። ይህን ያስረዳን የዙሩ መሪ እንጂ የድርጅቱ መግለጫ ወረቀት አይደለም፤ ወረቀቱ ስለ ሲጂልማሳ አንዲት ቃል የለውም።

መርዙጋ ላይ የኤርግ ሸቢ የአሸዋ ኮረብታዎች እስከ 150 ሜትር ይደርሳሉ። በግመል ገብቶ በድንኳን ማደር የጉዞው ዋና ማስታወቂያ ነውና፣ የተባለው ሁሉ አለ፤ ድንኳኑ ንጹሕ፣ ብርድ ልብሱም በቂ ነበር። ለእኔ ግን ከግመሉ ይልቅ የበለጠብኝ የምሽቱ ማዕድ ነው። እህቴ ጾሟን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መግደፍ ትችል የነበረ ቢሆንም፣ ሾፌሩና የድንኳኑ ሠራተኞች ሳይቀምሱ እኔ አልበላም ብላ እስከ ማግሪብ፣ ማለት ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ቆየች። አዛን ሲሰማ ተምሩን መጀመሪያ የሰጡት ለእርሷ ነው። የእነርሱ ሐሪራ ሾርባ ሥጋ ስላለበት ለእርሷ በምስር፣ በሽምብራና በቲማቲም ለብቻ ሠርተውላት ነበር፤ ቅቤ እንዳይነካው ማንኪያውን ሳይቀር ለይተውታል። አንድ ሽማግሌ አበሻ መሆናችንን ሲሰማ ስለ ቢላልና ስለ ነጃሺ አነሣ፤ የነቢዩን ተከታዮች የተቀበለ አገር ልጆች ናችሁና ቤታችሁ ነው አለን። እንዲህ ያለውን መስተንግዶ የትኛውም ድርጅት በውል ውስጥ ሊያስገባው አይችልም፤ ትክክለኛ ሰዎችን መርጦ መቅጠሩ ግን የድርጅቱ ውለታ ነው።

በማግስቱ ወደ ካምሊያ መንደር ሄድን። ነዋሪዎቿ አያቶቻቸው በባርነት ከሰሃራ ወዲያ የመጡ ጥቁር ሞሮኳውያን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የግናዋን ሙዚቃ ይጫወታሉ። ገምብሪ የሚሉት ሦስት አውታር ያለው፣ ቆዳ የለበሰ መሣሪያ ድምፁ ወፍራምና የሚያስተክዝ ነው፤ የብረት ጸናጽሎቹም ሰንሰለት ያስታውሳሉ ይባላል። በገና ሲደረደር የሰማ ጆሮ ቶሎ ይቀበለዋል። ያዘንኩት ለዚህ የተመደበው ጊዜ ለምንጣፍ ቤቱ ከተመደበው ማነሱ ነው። የዚህን ሕዝብ ታሪክ ጠይቆ ለመረዳት ገና ስንጀምር ወደ መኪና ተጠራን።

ከመርዙጋ እስከ ማራካሽ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዙሩ ትልቁ ድካምም እዚህ ላይ ነው። የቶድራ ገደል ግድግዳዎች ወደ 300 ሜትር የሚጠጉ ሆነው መሐላቸው በጣም ይጠብባል፤ ቆም ብሎ በእግር መሄድ ይገባ ነበር፣ እኛ ግን ፎቶ አንሥተን አለፍን። አይት ቤንሃዱ የተሻለ ጊዜ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ የጭቃ ግንብ መንደር፣ መስከረም 8 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በደረሰውና ከ2,900 በላይ ሰዎችን በገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳት ደርሶበታል። የአካባቢው አስጎብኚ የተሰነጠቀውንና በጭቃና በጭድ የተጠገነውን ግድግዳ እያሳየ፣ ቤቱ በየዓመቱ ካልተለሰነ ዝናብ እንደሚጨርሰው አስረዳን። ቀጥሎ ያለው የቲዚ ን ቲሽካ የተራራ መተላለፊያ በር 2,260 ሜትር ከፍታ አለው፤ አብረውን ለነበሩት አውሮፓውያን ስለ ከፍታው ማስጠንቀቂያ ቢሰጥም፣ የአዲስ አበባ አማካይ ከፍታ ከዚህ ስለማያንስ እኛን ያስቸገረን ጠመዝማዛው ብቻ ነው።

ማራካሽን የምመክረው ለምሽቷ ነው። የጀማ ኤል ፍና አደባባይ በረመዳን ቀን ጭር ብሎ ይውላል፤ ከእፍጣር በኋላ ግን የምግብ ድንኳኖቹ ጢስ፣ ተራኪዎቹና ሙዚቀኞቹ ይሞሉታል፣ 77 ሜትር የሚረዝመው የኩቱቢያ ሚናራም በላዩ ያበራል። በሰንሰለት የታሰሩ ጦጣዎችን ይዘው ፎቶ ለማስነሣት የሚከተሉ ሰዎች አሉ፤ ገንዘብ ባለመስጠት ይህን ሥራ አለማበረታታት ይገባል። በከተማው የተመደበልን አስጎብኚ የተሸመደደ ንግግር የሚያወርድ ስለነበር፣ ከፌዙ ጋር ሲነጻጸር የጉዞው ደካማው ቀን ሆኗል።

ወደ ኤሳዊራ ሲወረድ የአርጋን ዛፎች ይጀምራሉ። በዛፍ ላይ የቆሙት ፍየሎች ብዙውን ጊዜ ለፎቶ ተብለው የሚሰቀሉ መሆናቸውን መሪያችን በግልጽ ነግሮን ሳያስቆመን አለፈ፤ ከዚህ ይልቅ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው የአርጋንን ፍሬ በድንጋይ እየሰበሩ ዘይቱን የሚያወጡበት ቦታ ወሰደን። እዚህ የገዛነው ዘይት በጉዞው ሁሉ በደስታ ያወጣነው ገንዘብ ነው። ኤሳዊራ ራሷ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሱልጣን ሙሐመድ ቢን አብደላህ ትእዛዝ በፕላን የተሠራች በመሆኗ መንገዶቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ነፋሷ ብርቱ፣ ሰዎቿም ገበያተኛን የማይጎትቱ ናቸው። ሰማያዊ ጀልባዎች ሰርዲን የሚያራግፉበትን ወደብ በጠዋት ማየት ይገባል።

ወደ ካዛብላንካ ስንመለስ በኤል ጀዲዳ ያለውን የፖርቱጋሎች የውኃ ማጠራቀሚያ አየን፤ ከጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን በወለሉ ውኃ ላይ ዓምዶቹን እጥፍ አድርጎ ያሳያል። ክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች ይዞ ለአፄ ገላውዴዎስ ርዳታ ምጽዋ የደረሰበት 1541 እ.ኤ.አ.፣ በዚህ ዳርቻ ፖርቱጋሎች አጋዲርን የተነጠቁበት ዓመት ነው፤ ኤል ጀዲዳን ግን እስከ 1769 ይዘዋት ቆይተዋል። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ግንብ በተለየ ዓይን ያየዋል።

ለሚጾሙ ሰዎች ሞሮኮ አታስቸግርም፤ ቢሳራ የሚባለው የባቄላ ክክ ሾርባ በወይራ ዘይትና በከሙን፣ የባዲንጃን ሰላጣ፣ ምስርና ዳቦ በየቦታው ይገኛል። የአትክልት ታጂን (በሸክላ ድስት የሚሠራ ወጥ) እና ኩስኩስ ግን በሥጋ መረቅ ወይም በቅቤ ሊሠራ ስለሚችል ጠይቆ ማዘዝ ያስፈልጋል። በረመዳን የሚሄድ ሰው አገሩ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚመልስና ቀን ምሳ የሚያቀርብ ቤት ጥቂት እንደሆነ ይወቅ። ምሳና ጉርሻ በአብዛኛው በክፍያው ውስጥ አይካተቱምና የአገሩን ገንዘብ ድርሃም በጥሬው መያዝ ያሻል። ከመክፈል በፊት ወኪሉን ሦስት ነገር በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል፦ በፌዝና በማራካሽ የሚያስጎበኘው ፈቃድ ያለው የከተማው ሰው መሆኑን፣ የሱቅ ጉብኝት መተው መቻሉን፣ በበረሃና በአትላስ መሐል አንድ ተጨማሪ ሌሊት መጨመር መቻሉን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ቪዛ ስለሚያስፈልግ፣ ቅድሚያ ክፍያው ሳይፈጸም ይህ ቢያልቅ ይመረጣል።