ለሪሲቨሬ ባለ ሦስት ቻናል አምፕሊፋየር ከጨመርኩ በኋላ፦ የወራት ልምዴ

ፊልም የምታዩት ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ከሆነ፣ ለብቻው የሚሠራ አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) ብትገዙም ለውጥ አትሰሙም። እኔ በዝቅተኛ ድምፅ እስከ ዛሬ ልዩነት አላገኘሁም። ልዩነቱ የሚሰማው ድምፁ ከፍ ሲል ነው፤ እዚያ ላይ ግን ትልቅ ነው።

ሪሲቨሩን፣ ማለትም የፊልሙን ድምፅ ተቀብሎና አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን የቤት ሲኒማ ዕቃ (የሳተላይት ዲሹን አይደለም)፣ አላስወጣሁትም። ከጀርባው ገና ያልጎላውን ድምፅ የሚያወጡ፣ ፕሪ አውት የሚባሉት መሰኪያዎች ስላሉት፣ ከእነሱ አርሲኤ በሚባለው የድምፅ ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ወስጄ የፊት ግራ፣ ቀኝና መሐል ስፒከሮችን በአዲሱ አስነዳሁ። የጎንና የኋላዎቹ እዚያው ሪሲቨሩ ላይ ቀሩ።

ምክንያቴ የፊት ስፒከሮቼ ናቸው። ባለ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ናቸው፤ በተመሳሳይ ቮልቴጅ ከባለ 8 ኦም እጥፍ ከረንት ይስባሉ። ሪሲቨር ላይ የሚጻፈው ዋት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቻናል (የሁለት ስፒከር መስመር) ብቻ ሲሠራ የተለካ ነው። ሁሉም ቻናሎች የሚመገቡት ከአንድ ትራንስፎርመር ስለሆነ፣ አንድ ላይ ሲጠይቁት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል። በፊት ፍንዳታና ንግግር ሲገጣጠሙ የመሐሉ ስፒከር ድምፅ ይሻክር ነበር፤ ቃላቱ ይታፈናሉ፣ እጄም ወደ ሪሞቱ ይሄዳል። አሁን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ሰውየው ያለው ነገር ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ለዚህ ብቻ እንኳ ደግሜ እገዛው ነበር። የሪሲቨሩ ሙቀትም በጣም ቀንሷል።

የዋት ቁጥር ግን አያታላችሁ። ከ100 ወደ 200 ዋት መሄድ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ያህል እንዲጎላ ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር እንውሰድ። 3 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው፣ የክፍሉን ነጸብራቅ ሳንቆጥር፣ 95 ዴሲቤል ለማድረስ 56 ዋት ገደማ ይበቃል። የሲኒማ ቤት መለኪያ የሆነውን የ105 ዴሲቤል ጫፍ ለማድረስ ግን ወደ 560 ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን ስፒከርና ርቀት አስሉ። ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) የሌለው ሰው ደግሞ ገንዘቡን እዚያ ላይ ቢያውል ይሻለዋል፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ለሰብዉፈር ሲሰጥ የሪሲቨሩ ሸክም ወዲያው ይቀላል።

አምፕሊፋየሩ እንደገባ የማይቋረጥ እዝዝ የሚል ድምፅ መጣ። የግራውንድ ሉፕ (ሁለቱ ዕቃዎች ከምድር ሽቦ ጋር በተለያየ መንገድ ሲገናኙ የሚፈጠር) ነበር፤ ሁለቱን ዕቃዎች አንድ ማከፋፈያ ላይ ስሰካቸው ጠፋ። የሶኬቱን የግራውንድ እግር የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ ይህ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ በፍጹም አታድርጉት። ሪሲቨሩ በማይክሮፎን የሚያደርገውን የክፍሉን ድምፅ ልኬትም እንደ አዲስ መሥራት ግድ ነው። የአምፕሊፋየሩ የማጉላት መጠን ከሪሲቨሩ ስለሚለይ፣ ያለዚያ የፊቶቹና የኋላዎቹ ሚዛን ይዛባል። ባለ 12 ቮልት ትሪገር (ከሪሲቨሩ የማብሪያ ምልክት መቀበያ) የሌለውንም አልመክርም፤ በእኔ ቤት ሪሲቨሩ ሲበራ አብሮ ይበራል፣ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። አምፕሊፋየሩ ከባድ ነው፤ ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት በመሆኑም ይሞቃል፣ ከላዩ ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

ሌላው የወደድኩት ነገር የአምፕሊፋየሩ ረጅም ዕድሜ ነው። ኤችዲኤምአይ 2.1 (የምስልና ድምፅ ማገናኛ ደረጃ) እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሲሆን ከዚያ በፊት የተገዙ ሪሲቨሮች ወደ ኋላ ቀሩ። አምፕሊፋየር ግን የሚቀበለው ተራ የድምፅ ሲግናል ነው፤ የቪዲዮ ደረጃ ቢቀያየር አይነካውም። ወደፊት ሪሲቨሩን ስቀይር የማየው የፕሪ አውት መሰኪያዎቹንና የክፍል ልኬቱን ጥራት ነው፤ ለዋቱ ተጨማሪ አልከፍልም። የጎንና የኋላ ስፒከሮቹን ግን ሪሲቨሩ ያለ ችግር እየነዳቸው ስለሆነ፣ ለእነሱ ሌላ አምፕሊፋየር አልገዛም።