የሕንድ ባቡር ቲኬት ስትገዙ ሆዳችሁንም አማክሩ፦ ስሊፐር፣ ስሪ ኤሲ፣ ቱ ኤሲ ወይስ ፈርስት ኤሲ?

ሕንድን ቦርሳ አዝሎ በባቡር የሚዞር ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዋጋ ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይቅደም እላለሁ፦ ሌሊት ላይ ሆዴ ቢታወክ የትኛው ፉርጎ ውስጥ ብገኝ ይሻለኛል? ውሃው አዲስ፣ ቅመሙ አዲስ፣ ሙቀቱ አዲስ ነው። ተቅማጥ ብዙ መንገደኛ ይይዛል። ዘመድ ለማሳከም ወይም ለትምህርት ሄደው እግረ መንገዳቸውን አገር ለሚያዩ ወገኖቻችንም ነገሩ ያው ነው። የቲኬት ክፍሎቹን በዚህ ዓይን እንያቸው፤ «ኤሲ» ማለት አየር ማቀዝቀዣ ያለው ነው።

ስሊፐር

አየር ማቀዝቀዣ የሌለው የመኝታ ክፍል ነው። ዋጋው ከስሪ ኤሲ ግማሽ አይሞላም። መስኮቱ ይከፈታል፤ ለሚያቅለሸልሸው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም ሙዝና ሻይ በመስኮት ይገዛል። ነገር ግን አንሶላም ብርድ ልብስም አይሰጥም። አልጋ ያልያዙ ሰዎች ይገቡና ጫፋችሁ ላይ ይቀመጣሉ። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትሄዱ መተላለፊያው ላይ የተኛ ሰው ልትሻገሩ ትችላላችሁ። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ የሰሜን ሕንድ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ላይ ተቅማጥ ሲጨመርበት ሰውነት ቶሎ ይደርቃል። ጤነኛ ከሆናችሁና መንገዱ የአምስት ስድስት ሰዓት ከሆነ ስሊፐር ግዙ። ሆዳችሁ ከተነካ ተዉት።

ስሪ ኤሲ እና ቱ ኤሲ

ዋናው ምርጫ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም አየር ማቀዝቀዣ አላቸው፤ አንሶላ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ይሰጣሉ። ቱ ኤሲ ከስሪ ኤሲ በግማሽ ያህል ይወደዳል። ይህ ጭማሪ የሚገዛው ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም።

ስሪ ኤሲ ውስጥ አልጋዎቹ ሦስት ሆነው ይደረደራሉ፤ ታች፣ መሃል፣ ላይ። መሃለኛው ቀን ታጥፎ የታችኛው መደገፊያ ይሆናል። ማታ ይነሳና በሰንሰለት ይንጠለጠላል። የመኝታ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። መሃለኛው አንዴ ከተዘረጋ ታች ያለው ሰው ቀና ብሎ መቀመጥ አይችልም። ወይ መተኛት ነው፣ ወይ ጎንበስ ማለት። ሆዱ ለተገላበጠበት ሰው ይሄ ከባድ ነው። ቁጭ ብሎ ውሃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ያስፈልገዋል፤ አይችልም። መሃል ወይም ላይ ከደረሰው ደግሞ በዚያች ጠባብ የብረት መሰላል በጨለማ እየወጣ እየወረደ ሌሊቱን ይጨርሳል።

ቱ ኤሲ መሃለኛ አልጋ የለውም። ታች ያለው እኩለ ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ ይቀመጣል። መጋረጃ አለው። አዲሱ ዓይነት የስሪ ኤሲ ፉርጎ 72 አልጋ ሲይዝ ቱ ኤሲ 50 ገደማ ነው የሚይዘው፤ የሽንት ቤቱ ወረፋም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ጤነኛ ሆናችሁ ሌሊት ስትጓዙ ስሪ ኤሲ ይበቃል። ታማችሁ ከሆነ፣ ወይም ገና እያገገማችሁ ከሆነ፣ ቱ ኤሲ ታችኛውን አልጋ ግዙ። ገንዘቡ ከሌላ ነገር ይቀነስ።

የጎን አልጋ ግን በሁለቱም አጭርና መተላለፊያ ዳር ነው። «አር ኤ ሲ» የሚል ቲኬት (ሌላ ሰው ሲሰርዝ ሙሉ አልጋ የሚገኝበት) ከደረሳችሁ ደግሞ ያንኑ የጎን ታችኛ አልጋ ከሌላ ሰው ጋር መጋራት ሊሆን ይችላል። ለታመመ ሰው አይሆንም።

ፈርስት ኤሲ

በር ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ነው። ሁለት ወይም አራት አልጋ አለው። ሆኖም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሽንት ቤቱ ክፍሉ ውስጥ አይደለም፤ ወጥታችሁ ነው የምትሄዱት። ባለ ሁለቱን ክፍል መርጦ መግዛትም አይቻልም፣ የሚደለደለው ዘግይቶ ነው። ትውከት ለያዘው ሰውና ለአስታማሚው ጥሩ ነው። ለብቻው ለሚጓዝ ግን ዋጋውን አያወጣም።

የቀን ባቡር

የሚረሳው አማራጭ ይሄ ነው። ቫንዴ ባራት የሚባለው ፈጣን ባቡር ከዴልሂ ተነስቶ 8 ሰዓት ገደማ ተጉዞ ቫራናሲ ይገባል። ወንበር ብቻ ነው፣ አልጋ የለም። ግን ማታ ሆቴል ትተኛላችሁ። ሕመሙ ለቀቅ ላደረገው ሰው ከሌሊት ጉዞ ይሻላል።

ከመሳፈራችሁ በፊት

ከየትኛውም ክፍል በላይ የሚያድናችሁ ኦአርኤስ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ነው፤ ከማንኛውም ፋርማሲ በርካሽ ይገኛል። ይህ ዱቄት በዚያው አገር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ የካልካታው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ቦንጋኦን በሚባለው የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ሲገባ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀባቸው። ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጠው በአፍ እንዲጠጣ አደረጉ። ከ30 በመቶ የሚጠጋው የሞት መጠን ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ። ዱቄቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው የተስተካከለ እንጂ የተቆለለ አይሁን። በካርቶን የሚሸጡ ጣፋጭ መጠጦች ላይ «ኦአርኤስ» የሚል ካያችሁ አትታለሉ፤ የአገሩ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ስሙን ያለአግባብ መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ2025 ከልክሏል።

ተቅማጥ የሚያስቆም መድኃኒት፣ ሎፔራማይድ፣ ለመንገድ ያግዛል። ሰገራው ደም ካለው ወይም ትኩሳት ካለ ግን አትውሰዱት። ትኩሳት ከመጣ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይሁን፤ በትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ ሊሆን ይችላል፣ እነዚህ ደግሞ መድማትን ያባብሳሉ። ደም፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ውሃ አልቀመጥ ማለት፣ የሽንት መጥፋት ከታየ ጉዞው ይቅር፤ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ባቡር ላይ ከባሰባችሁ ለቲኬት ተቆጣጣሪው ንገሩ ወይም 139 ደውሉ፤ ቀጣዩ ትልቅ ጣቢያ ላይ ሐኪም እንዲያያችሁ ይጠራሉ። ትልልቅ ጣቢያዎች ቲኬት ለያዘ ሰው የሚከራዩ ማረፊያ ክፍሎችም አሏቸው።

ቦታ ስትይዙ ምርጫችሁ ታችኛ አልጋ መሆኑን አመልክቱ። ሽንት ቤት አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ክፍልፋይ ከደረሳችሁ ሽታውና የበሩ ድምፅ አያስተኛም።  «ታትካል» የሚባለው የመጨረሻ ሰዓት ቲኬት አንዴ ከጸደቀ ብትሰርዙት ገንዘቡ አይመለስም፤ ስለዚህ ሆዳችሁ እስኪረጋ ድረስ አትግዙት።