ይጠጋ እንጂ አይታሰር፦ በባሕር ዳር ግቢዎች ክፍል የመጨመር ሥራ ሲመዘን

ባሕር ዳር ላይ ክፍል የሚጨምር ግንበኛ ማግኘት አይከብድም። ከሺምብጥ እስከ ቀበሌ 14 በየግቢው ብሎኬት ተከምሮ፣ የባሕር ዛፍ ድጋፍ ተገትሮ ይታያል። የሚከብደው ሦስተኛውን ክረምት ሳይሰነጠቅ የሚያልፍ ክፍል ማግኘት ነው። በከተማው የተለመዱት መንገዶች አራት ናቸው፤ በረንዳን መዝጋት፣ ከቤቱ ጎን ወይም ጀርባ የብሎኬት ክፍል መቀጠል፣ ፎቅ መጨመር፣ ያለውን ቤት ከውስጥ መከፋፈል። በእኛ ምዘና ለብዙው ግቢ የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው፤ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። አዲሱ ክፍል ከአሮጌው ቤት ይጠጋ እንጂ አይታሰር። ብዙ ግንበኛ የሚሠራው ግን አስሮ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

ምክንያቱ ያለው ከመሬት በታች ነው። አሮጌው ቤት ዓመታት ቆሞ ከሥሩ ያለውን አፈር ተጭኖ ጨርሷል፤ አዲሱ ክፍል ገና ይወርዳል። ሁለቱ ግድግዳዎች ጥርስ በጥርስ ተያይዘው ከተገነቡ አዲሱ ሲወርድ አሮጌውን ይዞ ይጎትታል። ስንጥቁም በመገናኛው ብቻ አይቆምም፤ ከአሮጌው ቤት መስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ ይሄዳል። ጥቁር አፈር ላይ ሲሆን ይብሳል። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ ጥልቀት የሌለው መሠረት በየዓመቱ አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይወርዳል። አፈሩን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ከተተረተረ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከአካፋና ከጫማ አልላቀቅ ካለ ጥቁር አፈር ነው።

መፍትሔው በሁለቱ ቤቶች መካከል ከመሠረት እስከ ጣሪያ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መተው ነው። ክፍተቱ ውስጥ ፎም ይገባል፤ ከውጭም ከውስጥም በላሜራ ወይም በእንጨት ይሸፈናል። ሽፋኑ የሚመታው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ በሁለቱም ወገን ከተመታ የተተወው ክፍተት ትርጉም ያጣል። ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ የሚያስገባው በር የሚከፈተው በአሮጌው ግድግዳ ላይ ነው፤ ከላዩ የአርማታ አርኪትራቭ (ከበር በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከም አግዳሚ) ሳይቀመጥ ግድግዳው አይሰበርም። ብዙ ቤት ላይ ያለ መስኮት ወደ በርነት ሲቀየር ይህ ችግር ይቀላል፤ ከመስኮቱ በላይ ያለው ደጋፊ እዚያው አለና ከታች ያለውን ብቻ ማፍረስ ይበቃል።

ቁፋሮው ላይ ቸኩሎ የዳነ የለም። ጥቁሩ አፈር እስከ 1.5 ሜትር የሚያልቅ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ በምትኩ ገረጋንቲ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየተነጠፈ፣ ውኃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። አንድ ሜትር ሙሌት በአንድ ጊዜ ደፍቶ ከላይ ብቻ መጠቅጠቅ የወለል መስመጥ ዋና ምክንያት ነው። ጥቁሩ አፈር ከ2 ሜትር በላይ ከጠለቀ ጉዳዩ የግንበኛ መሆኑ ቀርቶ የመሐንዲስ ይሆናል። በአሮጌው ቤት ጥግ በኩል ደግሞ ከነባሩ መሠረት ግርጌ በታች መቆፈር አደገኛ ነው። ግድ ከሆነ በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር እየዘለሉ ቆፍሮ፣ የተቆፈረው ተሞልቶ ከጠና በኋላ የተዘለለውን መቆፈር ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኮለኑን (የአርማታ ምሰሶውን) ከአሮጌው ግድግዳ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር አርቆ ማቆምና ቀሪውን የጎን ግድግዳ ከኮለኑ አልፎ በሚወጣ ግሬድ ቢም (በመሬት ልክ የሚያልፍ የአርማታ አግዳሚ) ላይ ማሳረፍ ነው። እንዲህ ሲሆን አዲሱ ፉቲንግ (ኮለኑ የሚቆምበት የአርማታ መሠረት) የአሮጌውን መሠረት አይነካም።

ለመገመት እንዲያመች 4 በ4 የሆነ ክፍል እንውሰድ። አንዱ ወገን የአሮጌው ቤት ግድግዳ ስለሆነ የሚገነቡት ሦስት ግድግዳዎች ናቸው፤ 12 ሜትር ርዝመት በ2.80 ቁመት 33.6 ካሬ ይሆናል። 90 በ210 በርና 120 በ120 መስኮት ሲቀነስ 30 ካሬ ገደማ ይቀራል። አንድ ካሬ 12.5 ብሎኬት ይወስዳል፤ ከሚሰበረው ጋር 400 ብሎኬት ይበቃል። 500 እና 550 የሚጠይቅ ግንበኛ ካለ ስሌቱን በወረቀት ያሳይ። አራት ፉቲንግ 1 ሜትር በ1 ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ዙሪያውን 25 በ30 ግሬድ ቢም፣ 25 በ25 ኮለኖች እና ከላይ 20 በ20 ማሰሪያ ቢም ተደምረው 3.8 ሜትር ኩብ ገደማ አርማታ ይወስዳሉ። በ1፡2፡3 ድብልቅ (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ለአንድ ሜትር ኩብ 7 ከረጢት ሲሚንቶ ይገባል፤ ስለዚህ ለአርማታው ብቻ 27 ከረጢት ይያዝ። ለግንብ፣ ለልስንና ለወለል የሚገባው ከዚህ ውጭ ነው።

ድብልቁን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶው ሳይሆን ውኃው ነው። ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ይበቃል። ሠራተኛ እንዲፈስለት ብሎ ከዚያ በላይ ሲጨምር አርማታው ሲደርቅ በውስጡ ቀዳዳ ይቀራል፤ ብርታቱም ይወርዳል። አሸዋ ሲመጣ መኪናው ሳይገለብጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይፈተን፤ ግማሹን አሸዋ፣ ግማሹን ጥቂት ጨው የገባበት ውኃ አድርጎ መናጥና ለሦስት ሰዓት ማስቀመጥ። ከአሸዋው በላይ የሚረጋው ደለል ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል። ፌሮም ይመዘናል፤ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 (12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ፌሮ 10.6 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። 9 ኪሎ ተኩል ከሆነ በስሙ 12፣ በሥጋው ከዚያ በታች ነው። ለኮለን አራት ባለ 12፣ ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስር ቀለበት) በየ15 ሴንቲ ሜትሩ። ብሎኬት በሚስማር ሲፋቅ እንደ አሸዋ የሚረግፍ ከሆነ ውኃ ሳይጠጣ የደረቀ ነው፤ ዋጋው ረክሶ ቢገኝም አይወሰድ። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን፣ ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከሆነ 14 ቀን፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል።

ከመሠረት ቀጥሎ የሚሳሳቱበት ጣሪያው ነው። ሰው አዲሱን ክፍል የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ የቆርቆሮው ውኃ በሚወርድበት ወገን ነው። የአሮጌው ክዳን ጫፍ 2.80 ላይ ካለ፣ ከዚያ ተነሥቶ 4 ሜትር የሚሄድ ቆርቆሮ በ15 በመቶ ተዳፋት 60 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በመጨረሻው ግድግዳ ላይ ቁመቱ 2.20 ይሆናል። ኮርኒስ ሲገባበት እጅ ያስነካል፤ በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ አያስቀምጥም። ብዙ ግንበኛ ቁመቱን ለማትረፍ ተዳፋቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ውኃው በቆርቆሮው መደራረቢያ ሥር ተመልሶ ይገባል። የሚሻለው ክፍሉን የቆርቆሮው ውኃ በማይወርድበት በቤቱ ጎን ግድግዳ በኩል መቀጠል ነው፤ እዚያ ቁመት አያጥርም። ቦታው ካልፈቀደና ውኃ በሚወርድበት ወገን መሥራት የግድ ከሆነ የክፍሉ ጥልቀት ከ3 ሜትር አይብለጥ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መገናኛ የሚገባው ላሜራ አሮጌው ግድግዳ ውስጥ ተፈልፍሎ ይገባል፤ በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ግን ይተኛል እንጂ አይመታም። ቆርቆሮ ሲገዛ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምር ይታወስ፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል። የ16 ካሬ ጣሪያ በዓመት ከ22,000 ሊትር በላይ ዝናብ ይቀበላል። ይህ ውኃ አሸንዳ ካልተሠራለት የሚወርደው በአዲሱ መሠረት ሥር ወይም በጎረቤት አጥር ላይ ነው፤ ወደ ሮቶ ቢገባ ግን ለጓሮ አትክልትና ለልብስ ይሆናል።

አሮጌው ቤት ጭቃ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የአዲሱ ክፍል ወለል ከጭቃው ቤት ወለል በላይ ከፍ ብሎ ከተሞላ እርጥበቱ በቀጥታ ቋሚውና ማገሩ ላይ ያርፋል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ባሕር ዛፉ ከግርጌው ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባበታል። ወለሎቹ እኩል ይሁኑ፤ ካልሆነም አዲሱ ዝቅ ይበል። የአዲሱን ጣሪያ ወራጅ በጭቃው ግድግዳ ላይ ማሳረፍ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ የራሱ ኮለን ላይ ይረፍ።

ወደ ሐይቁ ለቀረበ ግቢ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሌላ ጉዳይ ነው። ጣና ዝቅ የሚለው በግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ሲሆን ከፍ የሚለው በመስከረምና ጥቅምት ነው። ጉድጓድ የሚቆፈረው በበጋ ስለሆነ ያኔ ደረቅ ይመስላል፤ መስከረም ላይ ከታች ውኃ ይሞላዋል፣ ፍሳሹም ወደ ቤት ይመለሳል። ከመቆፈር በፊት የቅርብ ጎረቤት የውኃ ጉድጓድ በመስከረም ስንት ሜትር ላይ እንደሚቆም መጠየቅ ከማንኛውም ግምት ይሻላል። ውኃው ቅርብ ከሆነ ለአዲሱ ክፍል የራሱ ሽንት ቤት መሥራት ቀርቶ ወደ ነባሩ ሴፕቲክ ታንክ ማገናኘት ይመረጣል፤ መጠኑ የሚበቃ እስከሆነ ድረስ።

በረንዳ መዝጋት ፈጣኑና ርካሹ ነው፤ ጣሪያው አለ፣ ወለሉ አለ። ግን የበረንዳ ወለል የተሠራው ሰው እንዲረግጠው እንጂ ግድግዳ እንዲሸከም አይደለም፤ ከሥሩ ብዙ ጊዜ መሠረት የለውም፣ ውኃ እንዲያወጣም ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው። ባለ 20 ብሎኬት እስከ ጣሪያ ከተጫነበት ጫፉ ይሰበራል። እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ባለ 10 ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ የብረት ወይም የአሉሚኒየም መስኮት ቢሆን ይችለዋል። የሳሎኑ ብርሃንና ነፋስ የሚገባው በበረንዳው በኩል ስለሆነ መስኮቱ ሰፊና የሚከፈት ይሁን። 1.50 ሜትር ስፋት ላለው በረንዳ የምንመክረው የልጆች ማጥኛ ወይም የስፌት መኪና ማስቀመጫ ነው። አልጋ ይገባል፤ ሰው ግን አያሳልፍም።

ፎቅ መጨመርን በተመለከተ በቆርቆሮ ክዳን ለተሠራ ነባር ቤት አንመክርም። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) በካሬ 375 ኪሎ ይመዝናል፤ 20 ካሬ ሲሆን 75 ኩንታል ነው፤ ግድግዳና ሰው ሳይጨመር። 20 በ20 ኮለን ላይ ቆርቆሮ ሲሸከም የኖረ ቤት ይህን አይችልም። ከጣሪያ በላይ ፌሮ ተርፎለት «ወደፊት ፎቅ ይሆናል» ተብሎ የተሠራ ቤትም ቢሆን ፉቲንጉ ተቆፍሮ መታየት አለበት። የተረፈው ባለ 14 ፌሮ ለመደራረብ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ ዝገቱ እየተላጠ ከረገፈ አይታመንም። ደረጃውንም ሰው ይረሳዋል። 3 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 17 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 18 እርከኖች ይገባሉ፤ ታጥፎ የሚወጣ ደረጃ ወደ 7 ካሬ ይበላል። 16 ካሬ ክፍል ለማግኘት 7 ካሬ ግቢ መስጠት የሚያዋጣው ግቢው ጠቦ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ከውስጥ መከፋፈል ቦታ አይጨምርም፤ ክፍል ግን ያስገኛል። ለጂፕሰም ቦርድ ብረቱ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ይቆማል፤ ውኃ በሚነካው ቦታ አይገባም። ቆጥ ቢያንስ 4 ሜትር ቁመት ይፈልጋል፤ ለዚህ የሚበቃ ቤት ጥቂት ነው።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ወዲህ በነባር ቤት ላይ መጨመርም እንደ አዲስ ግንባታ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ ከካርታው ጋር ስለሚገናዘብ ግንበኛ ከመጥራት በፊት ካርታውንና ፕላኑን ይዞ ማዘጋጃ ቤት መሄድ ይቀድማል። ወደ ጎረቤት የሚከፈት መስኮት በወረቀት ላይ ባይሆንም በአጥር ላይ ጠብ ያስነሣልና ከወዲሁ ይታሰብበት።

ከግንበኛ ጋር የሚደረገው ውል በቀን፣ በእጅ ዋጋ ወይም ከነቁሳቁሱ ይሆናል። የእኛ ምርጫ የእጅ ዋጋ ነው፤ ሲሚንቶውንና ፌሮውን ባለቤቱ ራሱ ይገዛል፣ ክፍያው ደግሞ በደረጃ ይሰጣል፤ መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲያልቅ፣ ክዳን ሲለብስ። መሠረቱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይቆፈር፤ ክዳኑ ከግንቦት አያልፍ። ከጠቅላላው የእጅ ዋጋ 10 በመቶ እስከ ጥቅምት ይያዝ። ሰኔ ላይ በሁለቱ ቤቶች መገናኛ ግራና ቀኝ ሁለት ነጥብ በሚስማር ይጫር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ተለክቶ ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ጥቅምት ላይ እንደገና ሲለካ ክፍተቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለዋወጥ፣ ግድግዳዎቹ ግን ሳይሰነጠቁ ቢገኙ መገናኛው ሥራውን እየሠራ ነው፤ የግንበኛው ቀሪ ገንዘብም ያኔ ይከፈል።