ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፦ ቦታው አምስት ኮከብ፣ ውሃው ግን ፕሮግራም ይውጣለት

ባህር ዳር ስለምኖር እንግዳ በመጣ ቁጥር ጢስ ዓባይ የምወስደው እኔ ነኝ፣ በክረምትም በበጋም አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል ብዬ ይሄን ሪቪው ልጻፍ።

ቦታው አምስት ኮከብ ነው፣ ክርክር የለውም። ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ በሚኒባስም ይኬዳል ኮንትራት ይዞም ይኬዳል። ጢስ ዓባይ ከተማ ከወረዳችሁ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱ በአላታ ድልድይ በእግር ነው ሌላው በጀልባ ተሻግሮ በአቋራጭ። እኔ የምመክረው በድልድዩ ሄዶ በጀልባ መመለስ ነው፣ ምክንያቱም ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ሆኖ ዛሬም ገበያተኛው ከነአህያው ይሻገርበታል፣ እሱን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። አስጎብኚዎቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው፣ ጨዋዎች ናቸው፣ ዳገቱ ላይ የሽማግሌ እጅ ይዘው ያሻግራሉ። ከላይ ፏፏቴው ፊት ለፊት ቡና የሚያፈሉ እናቶች አሉ፣ አረፍ ብላችሁ ጠጡ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፣ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ። በመስከረም የሄደ ሰውና በየካቲት የሄደ ሰው አንድ ቦታ ያዩ አይመስላቸውም። በመስከረም ከዳር እስከ ዳር 400 ሜትር ድረስ ተዘርግቶ ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ጉሙ ማዶ ድረስ መጥቶ ልብስ ያረጥባል፣ ቀስተ ደመናው በሁለት በኩል ይተከላል፣ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያየው። በየካቲት ደግሞ በአንድ ጥግ የምትወርድ ቀጭን ውሃ ናት፣ ሌላው በሙሉ ጥቁር ዐለት ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት በክረምት ውሃው የነካው ቦታ ላይ የደረቀ ቡናማ የድንጋይ ሽበት ተለጥፎ ቀርቷል፣ ከሱ በላይ ያለው ዐለት ደግሞ ሌላ መልክ ነው ያለው። አንዴ ጀልባ የሚቀዝፉ አንድ አባት ነበሩና «አያ፣ ውሃው ምነው እንዲህ ሆነ?» ብላቸው «በሩን ዘግተውት ነዋ ልጄ» አሉኝ፣ ነገሩም ይሄው ነው።

ብዙ ሰው ድርቅ ነው ይላል። ድሮም በበጋ ይቀንስ ነበር አልክድም፣ ግን አሁን ያለው የሰው ውሳኔ ነው። ዓባይ ባህር ዳር ላይ ከጣና ሲወጣ ጨራጨራ በሚባል ቦታ በር ያለው ግድብ አለ፣ በፈረንጆቹ 1996 ነው ሥራ የጀመረው፣ ሐይቁን ራሱን እንደ ማጠራቀሚያ አድርጎ ውሃ ይለቃል ይይዛል። ፏፏቴው አጠገብ ደግሞ ሁለት ማመንጫ አለ፣ ጢስ ዓባይ አንድ ከ1964 ጀምሮ ያለው 11 ሜጋ ዋት ገደማ፣ ሁለተኛው በ2001 የተጨመረው 73 ሜጋ ዋት (ሁለቱም በፈረንጅ ዓመት ነው)። እነዚህ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ወስደው ከታች ይመልሱታል፣ ማለትም ተርባይን ውስጥ የገባ ውሃ በፏፏቴው አይወርድም። ከዛ በእኛ 2002 ዓ.ም የበለስ ማመንጫ መጣ፣ 460 ሜጋ ዋት፣ እሱ ከጣና በምዕራብ በኩል በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወስዶ በለስ ወንዝ ላይ ነው የሚጥለው፣ ያ ውሃ በባህር ዳር በኩል አያልፍም፣ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ታች ቤንሻንጉል ላይ ነው።

በለስን አልቃወምም፣ እንደውም ትክክል ነው እላለሁ። ውሃው እዛ ከ300 ሜትር በላይ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ያው አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ጢስ ዓባይ ላይ ከሚሰጠው ብዙ እጥፍ መብራት ይሰጣል። ሐይቁ ሲጎድል ምን እንደሚሆንም አይተናል፣ በእኛ 1995 ዓ.ም ጣና ወርዶ መርከብ እስከመቆም ደርሷል፣ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ልቀቁት የሚል ሰው ዓሣ አጥማጁን ረስቷል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፣ የሚለቀቀውን ያህል መቼ እንደሚለቀቅ ለሕዝብ ይነገር። ጥናት ያጠኑ ሰዎች ወንዙና ፏፏቴው በሕይወት እንዲቆዩ ከዓመቱ ፍሰት 22 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል ብለዋል፣ ያንን ቅዳሜና እሁድ ቀን ቀን ላይ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ እንግዳ በሚበዛበት ጊዜ ማዋል ይቻላል እኮ!

ሌላ አገር ይሠራበታል። ናያግራ ላይ አሜሪካና ካናዳ በፈረንጆቹ 1950 በተፈራረሙት ውል መሠረት በጎብኚ ወራት ቀን ቀን በሰከንድ 2,800 ሜትር ኩብ ገደማ በፏፏቴው መውረድ አለበት፣ ሌሊትና በክረምታቸው ደግሞ ግማሹ፣ የቀረው ለተርባይን። በአሜሪካ በኩል ያሉት ማመንጫዎችም ለዘላለም ፈቃድ የላቸውም፣ ከ30 እስከ 50 ዓመት ነው የሚሰጣቸው፣ ሲያልቅ እንደገና ይጠየቃል፣ ያኔ ዓሣ አጥማጁም ጀልባ ነጂውም ከተማውም ገብቶ የሚፈልገውን ይናገራል። የናያግራው በአሜሪካ በኩል ያለው ፈቃድ በፈረንጆቹ 2007 ለ50 ዓመት ሲታደስ ለአካባቢው ማዘጋጃ ቤቶችና ለወንዝ ዳር ፓርኮች በየዓመቱ ገንዘብ እንዲሰጥ ተስማምተው ነው። እኛም ጋ የጢስ ዓባይ ገበሬ፣ ጀልባ ነጂው፣ ቡና የምታፈላዋ እናት ጭምር የሚቀመጡበት እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፣ በተለይ አሁን ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ በተመረቀበት ጊዜ ለፏፏቴው የተወሰነ ሰዓት መስጠት አገር አይጎዳም።

እስከዛው ለምትሄዱ፦ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ሂዱ፣ በጋ ላይ ከሆነ ግን ከመነሳታችሁ በፊት እዛው ጢስ ዓባይ ላለ ሰው ደውላችሁ ውሃው እንዴት ነው በሉ፣ የመንገዱን ሰላምም አብራችሁ ጠይቁ። ጭቃው ያንሸራትታል፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ። ጀልባዋ በጊዜ ነው ሥራ የምታቆመው፣ ከሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ መጀመሪያ የመመለሻ ሰዓቷን ጠይቁ።